ዘመናችንን ስለ መቍጠርና ስለ ልደት ቀን

የሚነበበው ክፍል፦ ዘፍጥረት 47፥7-10፤ ሉቃስ 3፥21-23።

ያዕቆብ ወደ ግብፅ ወርዶ በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ፣ ንጉሡ ለእርሱ ያቀረበው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆኖ ተጽፎአል፤ ይኸውም ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ ነው። ሽማግሌው 130 ዓመት መሆኑን መለሰ። ነገር ግን ቍጥሩን ብቻ ተናግሮ ዝም አላለም፤ ዘመኑ ጥቂትና መከራ የበዛበት እንደ ነበረ፣ አባቶቹም ከኖሩበት ዘመን እንዳልደረሰ ጨምሮ ተናገረ። አያቱ አብርሃም 175፣ አባቱ ይስሐቅ 180 ዓመት ኖረዋልና፣ በዚህ ሚዛን ሲመዘን 130 ለያዕቆብ ጥቂት ነበረ።

ወደ ትምህርታችን የሚያስገባን ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ ያለ ሌላ ጥያቄ ነው። ያዕቆብ ዮሴፍን በወለደ ጊዜ ዕድሜው ስንት ነበር? ይህ በአንድ ስፍራ ተጽፎ አይገኝም፤ ቢሆንም ሊደረስበት ይቻላል። ዮሴፍ በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ 30 ዓመቱ ነበር (ዘፍ. 41፥46)። ከዚያ በኋላ 7 የጥጋብ ዓመታት አለፉ። ለወንድሞቹ ራሱን በገለጠ ጊዜ ደግሞ ረሃቡ ከገባ 2 ዓመት ሆኖት ነበር (ዘፍ. 45፥6)። ሠላሳው፣ ሰባቱና ሁለቱ ሲደመሩ 39 ይሆናሉ፤ ይህም ከ130 ላይ ሲቀነስ 91 ይቀራል። እንግዲህ ያዕቆብ ዮሴፍን የወለደው በ91 ዓመቱ ገደማ ነው። “ገደማ” ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደዚች ቃል ኋላ እንመለሳለን።

እንዲህ ያለው አቈጣጠር ለደጋ ሰው እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን “በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለድሁ” ከማለት ይልቅ “በዚያ ዘመን ይህን ያህል ልጅ ነበርሁ” ማለት ይቀናቸው ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የሆነው ክፉ ቀን፣ በ1888 ዓ.ም. የተደረገው የዐድዋ ዘመቻ፣ በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ፣ በ1928 ዓ.ም. የሆነው የማይጨው ጦርነት፣ በ1933 ዓ.ም. የተገኘው ነጻነት፣ ኋላም የ1966 ዓ.ም. አብዮትና የ1977 ዓ.ም. ድርቅ እንደ ምሰሶ ቆመው የሰው ዕድሜ በእነርሱ ይለካ ነበር። አንዱ “በማይጨው ጊዜ ጥጃ እጠብቅ ነበር” ይላል፤ ሌላይቱ “ጣሊያን ሲወጣ በአንቀልባ ነበርሁ” ትላለች። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ይህን ሰምቶ ፈገግ ይል ይሆናል። ነገር ግን ነቢዩ አሞጽ የትንቢቱን ጊዜ ያመለከተው የምድር መናወጥ ከመሆኑ 2 ዓመት በፊት መሆኑን በመናገር ነው (አሞ. 1፥1)፤ ኢሳይያስም ራእዩን ያየበትን ዓመት ያስታወቀን ንጉሡ ዖዝያን የሞተበት ዓመት መሆኑን በመግለጥ ነው (ኢሳ. 6፥1)። ያ የምድር መናወጥ ከሕዝቡ ልብ እንዳልጠፋ በትንቢተ ዘካርያስ መነሣቱ ያስረዳል (ዘካ. 14፥5)። እናቶቻችንና ነቢያቱ በአንድ ዓይነት መዝገብ ጽፈዋል።

ይህ ሁሉ አንድ ነገር እንድናስተውል ያደርገናል። የተወለደበትን ቀን በገዛ ዓይኑ አይቶ የሚያስታውስ ሰው የለም። ሰው ስሙን ከወላጆቹ እንደሚቀበል ዕድሜውንም ከሌላ ሰው አፍ ይቀበላል፤ ከእናቱ፣ ካዋለደችው ጎረቤት፣ ከአያቱ። ስለዚህ “ዕድሜዬ ይህን ያህል ነው” ስንል ሌሎች የመሰከሩልንን እናስተላልፋለን እንጂ ራሳችን ያየነውን አንናገርም። ዕድሜ ምስክርነት ከሆነ ደግሞ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ወደ እርሱም ይደርሳል። (ይህ ትእዛዝ በሉተር ካቴኪዝም 8ኛው ነው፤ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት 9ኛ ብለው ይቈጥሩታል። ትእዛዛቱ 10 መሆናቸውን ሁሉም ይስማማሉ፤ አከፋፈላቸው ግን ይለያያል። 90ኛው መዝሙርም፣ ሙሴ ዘመናችንን መቍጠር እንድንማር የለመነበት፣ በግእዙ ዳዊት 89ኛው ነው። ቍጥር ሁሉ ከየት መቍጠር እንደ ተጀመረ ካልታወቀ ሰውን ያጣላል።)

የማርቲን ሉተርን የሕይወት ታሪክ አስቀድመው ከጻፉት ሰዎች አንዱ የሥራ ባልንጀራው ፊልጶስ ሜላንክቶን ነበረ። ሉተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1546 ካረፈ በኋላ በጻፈው ታሪክ፣ ስለ ልጅዋ ልደት እናቱን ማርጋሬታን ጠይቋት እንደ ነበረ ይነግረናል። እርስዋም ቀኑንና ሰዓቱን በእርግጥ ታስታውስ ነበር፤ ዓመቱን ግን ተጠራጠረች። ልጁ በአይስሌበን ከተማ ኖቬምበር 10 ቀን በሌሊት ተወለደ፤ በማግሥቱ የቅዱስ ማርቲን በዓል ነበረና ተጠምቆ ማርቲን ተባለ። ዓመቱ 1483 ነው ብሎ የመሰከረው ወንድሙ ያዕቆብ ነው፤ ሉተር ራሱ 1484 ነው የሚልበት ጊዜ ነበር። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ስሙ እጅግ የታወቀ መምህር የተወለደበትን ዓመት ሳያረጋግጥ ኖረ። እናቱ በዓሉን ይዛ ቀኑን እንዳልረሳች ግን እናስተውል፤ የእኛ እናቶችም “የሚካኤል ማግሥት ነው”፣ “የማርያም ዋዜማ ነው” የሚሉት በዚሁ መንገድ ነው።

በአንድ ነገር ግን የእኛ እናቶች ከማርጋሬታ የተሻለ መሣሪያ አላቸው። በአገራችን ዘመኑ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ስለሚጠራ፣ ዓመተ ምሕረቱን የማታውቅ ሴት እንኳ ልጅዋን በዘመነ ማርቆስ ወይም በዘመነ ዮሐንስ እንደ ወለደች ታውቃለች። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ ነው፤ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። እንግዲህ አንዲት አሮጊት “ልጄን የወለድሁት ጣሊያን ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ዘመነ ሉቃስ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው” አሉ እንበል። ጣሊያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። 1933 ላይ 5500 ሲደመር 7433 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማቴዎስ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘመነ ሉቃስ 1935 ዓ.ም. ነው፤ የኅዳር ሚካኤል 12 ነውና ልጁ የተወለደው ኅዳር 13 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው። እኚህ እናት ኦርቶዶክሳዊት ሆነው ልጃቸው በ40 ቀኑ ታኅሣሥ 22 ቀን ክርስትና ተነሥቶ እንደ ሆነ ደግሞ ምስክሩ ሁለት ይሆናል፤ ከኅዳር 13 እስከ ታኅሣሥ 22 ሁለቱም ቀኖች ታስበው ልክ 40 ቀን ነውና። ለሴት ልጅ ቢሆን 80 ቀን ይቈጠራል። አንድም ወረቀት ሳይገለጥ ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ ተገኘ። “መሃይም ናቸው፤ ዕድሜ አያውቁም” የሚባሉት እናት እንዲህ አድርገው ያውቃሉ፤ የጐደለው ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ነው።

ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በመጻፍ ላይ ነው። የእኛ ዘመን ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ የአውሮፓው ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜ ፍጻሜ 8 ይሆናል። ከላይ ያልነው ሰው የተወለደበት ቀን በአውሮፓ ኖቬምበር 22 ቀን 1942 ነው። “8 ደምርበት” የተባለ ጸሓፊ ግን 1943 ብሎ ይጽፍና ሰውየውን በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ወረቀት አንድ ዓመት፣ ፓስፖርቱ ሌላ ዓመት የሚልበት ሰው በየጽሕፈት ቤቱ ደጅ ሲመላለስ አይተናል። ቀኑም አንዳንድ ጊዜ በአንድ ይንሸራተታል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜ 6 ቀን ስለምትሆን፣ ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ኅዳር 13 በአውሮፓ ኖቬምበር 23 ላይ ይውላል። የጌታችን የልደት በዓል በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ በሌሎቹ ዘመናት ታኅሣሥ 29 መዋሉ ከዚሁ የተነሣ ነው። በጳጕሜ 6 የተወለደ ሰውማ ትክክለኛ ቀኑን የሚያገኘው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ነው።

ወደ አሜሪካ በስደት ከሄዱት ወገኖቻችን መካከል ቀናቸውን የሚያስረዳ ወረቀት ያልነበራቸው ብዙዎች በጃንዋሪ 1 ቀን እንደ ተወለዱ ተጽፎላቸዋል። ባልና ሚስት፣ አጎትና የእኅት ልጅ በአንድ ቀን የተወለዱ መስለው ይታያሉ። ይህ የጸሓፊዎቹ ተንኰል አይደለም፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ባዶ ስፍራ መሞላት ነበረበት፣ የሚመሰክር ግን አጠገባቸው አልነበረም።

እስካሁን ስለ ቀኑ ተናገርን፤ አሁን ስለ አቈጣጠሩ እንናገር። ቋንቋችን ራሱ ሁለት ዓይነት አቈጣጠር እንዳለ ያውቃል። “አምስት ዓመት ሞላው” ስንል ያለፈውንና የተፈጸመውን እንቈጥራለን፤ “አምስተኛውን ያዘ” ስንል ግን የገባበትን፣ ገና ያልፈጸመውን ዓመት ጭምር እንቈጥራለን። አምስት የሞላው ልጅ የያዘው ስድስተኛውን ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ጊዜ የያዘውን ይቈጥራል፤ ሕፃን በ8ኛው ቀን ይገረዝ ሲባል የተወለደበት ዕለት አንድ ሆኖ ይቈጠራል፤ ጌታችንም በሦስተኛው ቀን ተነሣ ስንል ዓርብን እንቈጥራለን።

በያዘው የመቍጠር ልማድ በሕዝብ ሁሉ ዘንድ ጸንቶ የኖረባት አገር፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በ1943 ዓ.ም. የዘመቱባት ኮርያ ናት። በኮርያ ልማድ ሕፃን በተወለደበት ዕለት አንድ ዓመት ይባላል፤ አዲስ ዓመት በገባ ቍጥር ደግሞ ሰው ሁሉ በአንድነት አንድ ዓመት ይጨምራል። ስለዚህ በዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት የተወለደ ሕፃን ሲነጋ ሁለት ዓመት ይባላል፤ ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላው። ይህ በመድኃኒት መጠን፣ በውልና በሕግ ጉዳይ ክርክር ስላመጣ የደቡብ ኮርያ መንግሥት ከሰኔ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግና በመንግሥት ሥራ የሞላው ዓመት ብቻ እንዲቈጠር አደረገ። በዚያ ዕለት ሕዝቡ ሁሉ በወረቀት ላይ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ወጣት ሆነ። ቢሆንም ልጆች ትምህርት ቤት ለሚገቡበትና ወጣቶች ለውትድርና ለሚጠሩበት ዕድሜ የልደቱ ቀን ሳይሆን የተወለዱበት ዓመት ብቻ መታየቱ አልቀረም። ኮርያውያን ከዚያ በፊት ይዋሹ ነበር ማለት አይደለም፤ ሁሉም የያዘውን እንደሚቈጥር ያውቅ ነበርና ማንም ማንንም አላታለለም። ሐሰት የሚሆነው ሰሚው ሞላ ብሎ እንዲረዳ እያሰቡ የያዘውን ሲናገሩ ነው።

ይህ ነገር በእኛ መካከል የሴት ልጅን ሕይወት የሚነካ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜን 15፣ ለወንድ 18 አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 አድርጎታል፤ ቃሉም ስለ ሞላው ዓመት ነው የሚናገረው። እንግዲህ አባት ወደ ሽማግሌዎች መጥቶ “ልጄ አሥራ ስምንት ናት” ሲል፣ ሞላት ወይስ ያዘች? ብሎ መጠየቅ ይገባል። አሥራ ስምንተኛውን የያዘች ልጅ ገና 17 የሞላት ናት። ከዚህም የሚከፋ አለ። “ደርሳለች” በምትባል አንዲት ቃል የልጅቱ ዕድሜ በቁመትዋና በሰውነትዋ ሲገመት፣ የ14 ዓመትዋ ልጅ በአንድ ምሽት አራት ዓመት ይጨመርላታል። ቀድሞ ልጅ ትምህርት ቤት ለመግባት መድረሱን ለማወቅ ክንዱን በራሱ ላይ አሳልፎ በማዶ ያለውን ጆሮውን እንዲነካ ይታዘዝ ነበር፤ በዚያ የሚመጣው ጉዳት ቢበዛ የአንድ ዓመት መዘግየት ነው። በጋብቻ የሚደረገው ግምት ግን ወደ ኋላ አይመለስም። በልጅነት አርግዛ በምጥ የተጎዳች፣ ከዚያም የተነሣ ፊስቱላ ይዟት ከሰው የተለየች ሴት ልጅ፣ ዕድሜዋን በሐሰት የመሰከሩት ሽማግሌዎች የፈጸሙትን በሥጋዋ ትሸከማለች። የማኅበረ ምእመናን ሽማግሌ ከሰርግ በፊት የልደት ምስክር ወረቀት ቢጠይቅ ሰውን መናቅ አይደለም። ወረቀት ባይኖር እናቲቱ ብቻዋን ትጠየቅ፤ ዘመኑ የማን ነበር? በዓሉ የትኛው ነበር? የጎረቤት ልጅ አብራት የተወለደች አለችን? በችኰላ የሚመጣ አባት እነዚህን ጥያቄዎች አይወድድም፤ አለመውደዱም ራሱ ምስክር ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ልደት በዓል መናገር ይቀራል፤ ብዙዎች ስለዚህ ይጠይቁናልና። በመጽሐፍ ቅዱስ በግልጥ የልደት ቀን ግብዣ ሆኖ የተጻፈው የሁለት ነገሥታት ብቻ ነው። ፈርዖን በልደቱ ቀን የእንጀራ አበዛዎቹን አለቃ ሰቀለ (ዘፍ. 40፥20-22)፤ ሄሮድስ በልደቱ ቀን መጥምቁ ዮሐንስን አስገደለ (ማር. 6፥21-28)። ከዚህ የተነሣ በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው መምህር ኦሪጀን ልደትን ማክበር የቅዱሳን ሥራ አይደለም ብሎ አስተማረ። ይህ ፍርድ ከሚገባው በላይ የከበደ ይመስለናል። የዮሐንስን ራስ ያስቈረጠው ቀኑ አልነበረም፤ በእንግዶች ፊት የተነገረ የትዕቢት መሐላና የአንዲት ሴት ቂም ነው።

የጥንት ክርስቲያኖች “ልደት” የሚለውን ቃል ወደ ሌላ ነገር አዞሩት፤ ሰማዕት የሞተበትን ቀን ልደቱ ብለው ጠሩ። በ2ኛው መቶ ዓመት በሰምርኔስ የተገደለው ጳጳስ ፖሊካርጶስ በገዢው ፊት ሲመሰክር ጌታውን ያገለገለበት ዘመን 86 ዓመት መሆኑን ተናገረ። ከእናቱ ማኅፀን ከወጣ ስንት ዓመት እንደ ሆነው አልተናገረም፤ የቈጠረው አገልግሎቱን ነበረ።

በከተማ ቤት ሁሉ የሚታየው ኬክና ሻማስ ከየት መጣ? ስለዚህ ከሚነገሩት የቈዩ ማስረጃዎች አንዱ የሚገኘው በጀርመን አገር ነው። እንደ አውሮፓ በ1746 የመስፍኑ የዚንዘንዶርፍ ልደት ሲከበር በኬኩ ላይ በዕድሜው ልክ ሻማዎች ተተክለው እንደ ነበረ በዘመኑ የነበረ ሰው ጽፎአል። ዚንዘንዶርፍ የሞራቪያ ወንድሞችን የሰበሰበ፣ የወንጌል መልእክተኞችንም ወደ ሩቅ አገር የላከ ሰው ነበር። ስለዚህ ሻማውን ባየ ጊዜ ሁሉ “የአረማውያን ሥራ ነው” የሚል ወንድም ጥቂት ቢታገሥ መልካም ነው። የሚያሳዝነው ሻማው አይደለም፤ አዳራሽ ለመከራየት የሚገባው ዕዳ፣ የመጣው ስጦታ ሲቈጠር የሚነሣው ሐሜት፣ በጎረቤቱ ግብዣ ላይ ቆሞ የራሱ ቀን መቼ እንደ ሆነ የማያውቅ የድሀ ልጅ ነው።

ደግሞም “በእኛ አገር የልደት በዓል አልነበረም” መባሉ እውነት አይደለም። ሴት ስትወልድ ጎረቤቶችዋ እልል ይላሉ፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ቅቤው መካከሉ ላይ ይፈስሳል፤ ሴቶቹ ዙሪያውን ከብበው ይበላሉ። ይህ ከበዓልም በላይ ነው። ገንፎውን የበሉት ሴቶች የልጁ የዕድሜ ምስክሮች ናቸው፤ ከ20 ዓመት በኋላ “እኔ ገንፎውን በልቻለሁ” ብላ የምትናገር ሴት ቃልዋ የታመነ ነው። የፈረንጁ ኬክ በየዓመቱ ይቈረሳል፤ በቈረሱት ሰዎች መካከል ግን ልጁ ሲወለድ የነበረ ላይገኝ ይችላል። ልደት ማክበር የሚወድ ቤተሰብ በዚያ ቀን እናቲቱን ከወጥ ቤት አውጥቶ በክብር ቢያስቀምጣት፣ ልጁም እንዴት እንደ ተወለደ፣ ዝናም ይሁን በጋ፣ ማን እንዳዋለደው፣ ማን ስም እንዳወጣለት ከአፍዋ ቢሰማ፣ በዚያች ቀን የደከመችው እርስዋ ነበረችና የሚገባ ነው። ምስጋናውም ከዚያ በኋላ ባዶ ቃል አይሆንም።

ይህ ሁሉ ግን ካልተጻፈ ከአሮጊቶቹ ጋር ይቀበራል። በስዊድን አገር በ1686 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቄስ በደብሩ የተወለዱትን፣ የተጋቡትንና የሞቱትን በመጽሐፍ እንዲጽፍ አዘዘ፤ እስከ 1991 ድረስ የአገሩ ሕዝብ መዝገብ በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። ከዚያ አገር የተላኩ መልእክተኞች በ1866 ምጽዋ ደረሱ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ ነው)። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠውና በምጽዋ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐመው፣ የተወለደበት ዓመት እስከ ዛሬ በግምት ይነገራል፤ ከእናቱ ለይተው የወሰዱት ሰዎች ምስክሩንም አብረው ወስደውበታልና። የተጠመቀበት ቀን ግን ይታወቃል፤ በፋሲካ፣ ማርች 31 ቀን 1872 ነው።

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባውም በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ እንዲመዘገብ ታዝዞአል። የማኅበረ ምእመናን መዝገብ የቀበሌውን አይተካም፤ ሕፃኑን ለማስጠመቅ የሚመጡትን ወላጆች ግን “ቀበሌ አስመዘገባችሁትን?” ብሎ መጠየቅ ለቄሱ አንድ ደቂቃ አይወስድበትም።

ቀናቸው ጨርሶ ያልታወቀ ሰዎችስ ምን ይሁኑ? ወደ “ገደማ” የምንመለሰው እዚህ ላይ ነው። ሉቃስ ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ እንደ ተከታተለ የሚናገር ጸሓፊ ነው (ሉቃ. 1፥3)። ቢሆንም ጌታችን ሥራውን ሲጀምር የነበረውን ዕድሜ ሲጽፍ 30 ብሎ አልቈረጠም፤ “ያህል” የሚል ቃል ጨመረበት። እንደ አውሮፓ በ525 ዲዮናስዮስ የተባለ መነኵሴ ጌታችን የተወለደበትን ዓመት አስልቶ ቈረጠ፤ አውሮፓ እስከ ዛሬ በእርሱ ይቈጥራል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ደግሞ የእስክንድርያን ስሌት ተቀብለው ከ7 እስከ 8 ዓመት ዘግይተው ይቈጥራሉ። አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚሉት ግን ሄሮድስ የሞተው ከዲዮናስዮስ መነሻ 4 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው፤ ጌታችንም የተወለደው ሄሮድስ በሕይወት ሳለ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ስሌቶች ዘግይተዋል። “ያህል” ብሎ የጻፈው ሉቃስ ግን የሚታረም ነገር አልተገኘበትም።

ስለዚህ በመዝገባችን ላይ ያልታወቀውን የታወቀ አስመስለን አንጻፍ። በእጅ የሚጻፈው የማኅበረ ምእመናን መዝገብ ለዕድሜ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ሁለተኛ መስመር ይጨመርበት፤ በመጀመሪያው ቀኑ ወይም “ገደማ”፣ በሁለተኛው የመሰከረው ሰው ስምና ያስታወሰበት ምክንያት። ለምሳሌ፦ “1935 ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ኅዳር 13። እናቱ እንደ ነገሩን፤ የሚካኤል ማግሥት መሆኑን ያስታውሳሉ። ገንፎውን የበሉ ሁለት ጎረቤቶችም መስክረዋል።” ይህን ለመጻፍ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ጸሎት ቤት መምጣት ወደማይችሉት፣ በቤታቸው ወደ ተኙት አሮጊቶች መሄድ ያስፈልጋል። ደብተርና እርሳስ የሚይዝ አንድ ወጣት፣ ከእርሱም ጋር አሮጊቶቹ የሚያውቋት አንዲት እናት ቢሄዱ ይበቃል፤ በአንድ ቤት የተገኘው ቀን የሦስት የጎረቤት ልጆችን ዕድሜ ይዞ ይመጣል።